መደላድል፦ ከመቅደላ መንገድ እስከ ሊማሊሞ

ስለ ባቡር ብዙ ተጽፏል። ገጣሚው ፉጨቱን ይሰማል፤ ልብ ወለድ ጸሐፊው በመስኮቱ የሚውለበለበውን የስንብት መሐረብ ያያል፤ ታሪክ ጸሐፊውም ውሉ በማን ተፈረመ፣ ምርቃቱ በማን ተከናወነ እያለ ይመዘግባል። ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈውን ጠጠር የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ጠጠርና ጠጠሩ ስለሚያርፍበት መደላድል ነው። በአዲ አርቃይ ተቀምጦ ስለ ባቡር መደላድል መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በእኛ አካባቢ ሐዲድ የለምና። ይሁን እንጂ የሊማሊሞን ቁልቁለት የወረደ ሰው፣ መንገድን የሚያቆመው ከሥር ያለው መሆኑን ለመገንዘብ ሐዲድ ማየት አያስፈልገውም።

በአውሮፓና በአሜሪካ የባቡር አምሳያ በትንሹ መሥራትን የዕድሜ ልክ ፍቅራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። እጅግ የተለመደው አምሳያ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ሐዲዱን በባዶ ጣውላ ላይ አይቸነክሩትም። አስቀድመው መስመሩን በእርሳስ ያሰምራሉ፤ በመስመሩ ላይ ጠርዙ ወደ ውጭ ያዘነበለ የቡሽ ንጣፍ ያጣብቃሉ፤ ሐዲዱን በቡሹ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያም እንደ ጤፍ የደቀቀ ጠጠር በማንኪያ እየበተኑ፣ በቀጭን ብሩሽ እያስተካከሉ፣ ከሐዲዱ ሥር በተጋደሙት አግዳሚዎች መካከል ይሞላሉ። በመጨረሻም ጥቂት ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጩበታል፤ ሳሙናው ከሌለ ኮላው ወደ ውስጥ አይሰርግምና። በውሃ የቀጠነውን ኮላ በጠብታ በጠብታ አጠጥተው እስኪደርቅ ድረስ አይነኩትም።

አምሳያው ባቡር ይህ ነው የሚባል ክብደት የለውም። ቡሹ የመንኰራኵሩን ድምፅ ያለዝብ ይሆናል፤ ጠጠሩ ግን የሚሸከመው ሸክም የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? ጠጠር የሌለው ሐዲድ ለዓይን ውሸት ስለሚሆን ነው። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከቆርቆሮና ከሽቦ መኪና የሚሠራ የመንደራችን ልጅ አስቀድሞ አፈሩን በመዳፉ ጠርጎ፣ ጠጠሩን ለቅሞ፣ ዳገቱን ቆርጦ መንገድ ያበጃል። መኪናው ያለ መንገድ እንደማይሟላ ማንም አልነገረውም፤ እርሱ ግን ያውቃል። አዋቂዎች የረሳነውን ልጁና የአምሳያ ሠሪው አልረሱትም።

በእውነተኛው ሐዲድ ሥር ያለው ጠጠር ሥራው ብዙ ነው። የወንዝ ጠጠር ለዚህ አይመረጥም፤ ውሃ ያሻሸው ድንጋይ ክብ ነውና ሸክም ሲያርፍበት ይንሸራተታል። የሚፈለገው ከካባ ወጥቶ የተፈለጠ፣ ጠርዙ የሾለ ኮረት ነው። ሹሉ ከሹሉ ጋር ይቆላለፍና አንዱ ሌላውን ያቆመዋል። እንዲህ የተቆላለፈው ኮረት የባቡሩን ክብደት ከአግዳሚዎቹ ተቀብሎ በሰፊው መሬት ላይ ያከፋፍለዋል፤ ሐዲዱ በፀሐይ ሙቀት ሲለጠጥ ከመስመሩ እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ የዝናቡንም ውሃ በመካከሉ አሳልፎ ወደ ቦዩ ይሸኘዋል። ከኮረቱ በታች ደግሞ የተደለደለና የተዳመጠ አፈር አለ። ይህ አፈር ውሃ ከጠጣ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ወደ ላይ ወጥቶ የኮረቱን ቀዳዳ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሐዲዱ ይሰምጣል። የሰሜን ተራሮቻችን የቆሙበት ጥቁር ባዛልት ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት ድንጋዮች አንዱ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ተገቢ ነው። ሐዲድ ባናገኝም ለሐዲድ የሚሆን ድንጋይ አላጣንም።

የመደላድል ታሪክ በአገራችን ሲነሣ ቅድሚያ የሚገባው ሰው ዘውድ የጫነው በእነዚሁ ተራሮች መካከል ነው። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፣ ድል አድራጊው ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲወራ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሳይነሣ አይቀርም። መድፉ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፣ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች አማካይነት የተሠራ ነው፤ ክብደቱም ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። መድፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያንን የሚያህል ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያደረሰውን መንገድ ግን የሚጠይቅ አይበዛም።

በመስከረም 1860 ዓ.ም. መገባደጃ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በመካከል ያለው አገር እግረኛና በቅሎ እንጂ ጋሪ አያውቅም ነበር። ስለዚህ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ መሄድ ነበረበት። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ዛፍ ይቆረጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፣ ተረተሩ ይቆረሳል፤ ከዚያ በኋላ ጋሪው በገመድ እየተጎተተ ጥቂት ይራመዳል። በሥፍራው የነበሩ አውሮፓውያን እንደ መሰከሩት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራዊታቸው ጋር ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ ቆሞ የሚያይ ባለሟል አይኖርም። በዚያ ጊዜ አብዛኛው አገር ሸፍቶባቸዋል፤ ሠራዊቱም በየሌሊቱ እየከዳ ይመነምን ነበር። በዚህ ሁኔታ ሴባስቶፖል የጅጣንና የበሽሎን ጥልቅ ገደሎች ወርዶና ወጥቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

አሁን ዓይናችንን ከደጋው አንሥተን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር በተነሡበት ሰሞን የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ቡድን በዙላ ወደብ ያርፍ ነበር። ጄኔራል ናፒየር እስረኞቹን ለማስፈታት የሚዘምተውን ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ ከባሕሩ ዳርቻ እስከ ተራሮቹ ግርጌ ለማጓጓዝ ሐዲድ እንዲዘረጋ ተደረገ። ከዙላ እስከ ኩማይሌ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ይህ መስመር በአካባቢያችን ምድር የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ከሕንድ የመጣ፣ ያገለገለና አንድ ዓይነት ያልነበረ በመሆኑ ሥራው አድካሚ ነበር። የተራራው ግርጌ ላይ ሐዲዱ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙን በቅሎዎችና ግመሎች፣ ከባድ መድፎቹንም ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ተረከቡ።

እንግዲህ አስቡት። በእነዚያው ወራት በአንድ ምድር ላይ ሁለት መደላድል ይሠራ ነበር። አንዱ በባሕር በኩል፣ በእንፋሎትና በብረት፤ ሌላው በደጋው በኩል፣ በክንድና በዶማ። የሁለቱም መድረሻ አንድ ነበር፤ መቅደላ። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከዙላ የተነሣው የናፒየር ሠራዊት ዋድላ ላይ ሲደርስ ቀድሞ የተሠራ መንገድ አገኘ፤ የንጉሡን መንገድ። ያንን የጅጣ ገደል ሴባስቶፖል በወረደበት ጎዳና ወረደው፤ የእንግሊዝ ጸሐፍትም የመንገዱን አሠራር ሳያደንቁ አላለፉም። ንጉሡ ለመድፋቸው ያነጠፉት መደላድል የጠላታቸውን ዝሆኖች አሳለፈ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ የትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። እንግሊዞች ሥራቸውን ፈጽመው ሲመለሱ የዙላን ሐዲድ ነቅለው ወሰዱ። ሴባስቶፖል ግን እዚያው ቀረ፤ አምሳያውም ዛሬ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። መድፉን ያየ ልጅ አባቱን “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል፤ አባትም ታሪኩን ይነግረዋል። መንገዱ ግን አምሳያ የለውም። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። መድፉ አንድ ነበር፤ መንገዱን የሠሩት ክንዶች ግን በሺሕ የሚቆጠሩ ነበሩ። ለብረቱ ሐውልት አቆምን፤ ብረቱን ላሳለፈው መደላድል ግን አንዲት ጠጠር እንኳ አላኖርንም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትውልድ መደላድልን በሌላ ዓይን አየው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም “የሰርኪስ ባቡር” አለው። ይህ ስም ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የአዲስ አበባ ሰው የምድር ባቡርን በከተማው ሳያይ፣ ባቡር ብሎ የጠራው መሬት የሚዳምጠውን መኪና ነበር። እውነተኛው ባቡር ሳይደርስ የመደላድሉ ባቡር ቀደመ ማለት ነው።

የምድር ባቡሩ ውል በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነበር። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውና የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር የሆነው ይህ መስመር ወደ ሃያ ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። በበረሃው ሐሩር ሶማሌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና ጣልያኑ ጎን ለጎን ሆነው መሬት ደልድለዋል፣ ድንጋይ ፈልጠዋል። የኢልግን ስም ታሪክ ይዞታል፤ ለገሃርም ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ተወልዶ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። የድንጋይ ፈላጩ ስም ግን የትም ሰፈር ላይ የለም።

ይህም ሐዲድ እንደ ቴዎድሮስ መንገድ ጌታ አልመረጠም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ሚያዝያ 27 ቀን የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ያ ሐዲድም በሰሞኑ የወራሪው አገልጋይ ሆነ። ጠጠሩ ያው ጠጠር ነው፤ በላዩ የሚያልፈው ሰው ብቻ ተለወጠ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጣልያን ጎንደርን ከአስመራ ጋር ለማገናኘት በወረራው ዓመታት በሰሜን ተራሮች ጠርዝ የመኪና መንገድ አወጣ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ ወጥቶ ወልቀፊት ላይ የደረሰ መንገደኛ ምድር ከእግሩ ሥር ድንገት ሲከፈት ያያል። ከዚያ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ለመውረድ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ገደል አለ። ሊማሊሞ ማለት ይህ ነው። መንገዱ በአንድ ጎኑ ገደሉን እየቆረሰ፣ በሌላ ጎኑ በድንጋይ የድጋፍ ግንብ እየተደገፈ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

በዚያ ዘመን ደንብ እንዲህ ያለው መንገድ መደላድሉ የሚሠራው በእጅ ነበር። በመጀመሪያ ትልልቁ ድንጋይ እንደ ጥርስ ተቀጣጥሎ ይደረደራል፤ በመካከሉ ያለው ክፍተት በፍንጣሪ ይወተፋል፤ በላዩ በመዶሻ የተፈለጠ ኮረት ይበተናል፤ ከዚያ ውሃ እየተረጨበት በመዳመጫ ይዳመጣል። ሹሉ ከሹሉ ጋር ይቆላለፋል። ቀደም ብዬ ስለ ሐዲዱ ጠጠር ያነሣሁት ሕግ በመኪናውም መንገድ ይሠራል። ጠላቱም አንድ ነው፤ ውሃ። በሊማሊሞ ክረምት የሚያይል ጎርፍ ቦዩ የተደፈነበትን ቦታ ፈልጎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ላዩ ደህና የሚመስል መንገድ ከሥሩ ይቦረቦራል።

ይህ መንገድ የተሠራው የወራሪ ጦር እንዲያልፍበት ነበር። ወራሪው ግን ብዙ አልቆየበትም። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ ጣልያን በጎንደር ዙሪያ መሽጎ ሲቀር፣ የሰሜኑ በር ወልቀፊት ነበር። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ለወራት ከበቡት፤ በ1934 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን የወልቀፊት ምሽግ እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ጣልያን ያነጠፈው ጎዳና ጣልያንን ለሚያሳድደው ጦር ተከፈተ፤ በደባርቅ፣ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ይኸው ነውና። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነፃ ወጣች። ቴዎድሮስ ላይ የደረሰው ነገር በጣልያን ላይ ተደገመ፤ ለራስ የተሠራ መንገድ ባላጋራን አሳለፈ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አንዱ በገዛ አገሩ፣ ሌላው በሰው አገር የሠራው ነበር። ለድንጋዩ ግን ሁሉም መንገደኛ ነው።

የእኛ ትውልድም ይህን መንገድ በእግሩ አንብቦታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙው ነዋሪ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰደደ። ያንን ዳገት ልጅ አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ የወጣ ሰው መንገዱን የሠራው ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ እግሩ ሲያርፍ ድንጋዩ አልከዳውም። ከሰማንያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ከሥር የተቀጣጠለ ድንጋይ ለማያውቀው ትውልድ ሸክም ቻለ።

በሒሳብ መዝገብ ላይ የምንውል ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ገቢና ወጪ ካልተስማማ ቀኑ አይዘጋም፤ የጎደለችው አንዲት ሳንቲም እስክትገኝ አምፖሉ እንደ በራ ይመሻል። የታሪካችን መዝገብ ግን ያለዚህ ጥንቃቄ የተዘጋ ይመስለኛል። የንጉሡ ስም ገብቷል፤ የጄኔራሉ ስም ገብቷል፤ የመሐንዲሱም ገብቷል። ድንጋይ ፈላጩ፣ አፈር ዛቂው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ጋሪ ጎታቹ ግን በየትኛውም ዓምድ አልሰፈሩም። ስማቸውን ዛሬ ለማግኘት ዘግይተናል። ሥራቸውን ማሳየት ግን እንችላለን።

ስለዚህ አንድ አሳብ አለኝ። የአካባቢያችን ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው የሊማሊሞን መንገድ በአምሳያ ቢሠሩት ምን ይመስላችኋል? ገደሉ ከጭቃና ከጭድ ይበጃል፤ የድጋፍ ግንቡ ከደቃቅ ድንጋይ ይካባል። አንዱ ጎኑ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ቢታይ ደግሞ ትልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ፍንጣሪው በመካከል፣ ኮረቱ ከላይ ሆኖ ንብርብሩ ለዓይን ግልጽ ይሆናል። የውጭ አገር አምሳያ ሠሪ ለሌለ ሸክም ጠጠር ካነጠፈ፣ እኛ ለነበረ ሸክም፣ ለነበረ ላብ፣ እፍኝ ጠጠር አናጣም። አማርኛችን መተባበርን “የበኩልን ጠጠር መጣል” ይለዋል። ይህን አባባል የፈጠረ ሰው አንዲት ጠጠር ብቻዋን ምንም እንዳልሆነች፣ ከብጤዎቿ ጋር ስትቆላለፍ ግን ተራራ የሚያህል ሸክም እንደምትችል ሳያውቅ አልቀረም።

ወጌን በጥቂት ስንኞች ላብቃ፦

ፉጨቱን ሰማነው፣ ባቡሩም አለፈ፣
ንጉሡም ወረደ፣ ጦሩም ተሰለፈ፣
ሐዲዱ ተነቅሎ ታሪኩ ተረፈ፤
ድንጋይ ፈላጩ ግን ስሙ የት ተጻፈ?
ሸክም የቻለችው ያቺ ጠጠር ናትና፣
በእግርህ ስትረግጣት ዝቅ በል በትሕትና።

ቸር እንሰንብት።